የግቢ እጥበት ማሽን ለሰሜን ሸዋ፦ ከመግዛት በፊት የሚሰላውና የሚለካው

ክረምት ሲወጣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፀሐይ የማይደርስበት የግቢ ጥግ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ይገኛል። ሊሾው ያንሸራትታል፣ የኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ ሣር ያበቅላል፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ በዘይት ይጠቁራል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ቀጥሎም ለጥር ሠርግ ግቢውን የሚያሳጥብ ሰው አይጠፋም፤ ሆቴሎች፣ ማደያዎችና መጋዘኖች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ጀማሪውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የሥራ እጦት ሳይሆን የዕቃ ግዢ ነው። ሳጥኑ ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበት በግፊት ውሃ የሚያጥብ ማሽን ተገዝቶ ይመጣል፤ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይጨነቃል፣ ፓምፑ ይጮሃል፣ ጎሚኒው (ውሃ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ላስቲክ) ያልቃል። ማሽኑ የግድ መናኛ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ለወለሉ፣ ለውሃውና ለከፍታው ሳይታሰብ ተገዝቶ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት አንድ ቀን ለመለኪያ ይስጡ። የሚያስፈልገው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሜትር፣ ሚስማርና የስልክዎ ሰዓት ብቻ ነው።

ሀ. መጀመሪያ ወለሉን ይወቁ

ሊሾ ከሁሉ በላይ የሚያታልል ወለል ነው። ከላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲሚንቶው የተቆጠበበት ወይም ሳይጠጣ የደረቀ ሊሾ ፊቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ አሸዋ ነው። በሚስማር ጫፍ ጫን ብለው ይጫሩት። ነጭ መስመር ብቻ ከቀረ ደህና ነው። አሸዋ እየፈረፈረ ከወጣ ግን ከ100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ አይንኩት፤ ጠባብ ኖዝል (የመርጫ ጫፍ) ካስጠጉበት እንደ ማረሻ ትልም አውጥቶ ይሄዳል፣ ትልሙም አይጠገንም። ለባለቤቱ ሥራ ሳይጀምሩ ማሳየት ከኋላ ክርክር ያድናል።

ኮብልስቶን ድንጋዩ ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው በመካከሉ ያለው አሸዋ ነው። ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ መገጣጠሚያው ከወረደ አሸዋውን አውጥቶ ድንጋዩን ያላላዋል፤ በቀጣዩ ክረምት መኪና ሲሄድበት ይሰምጣል። በጋደም ያለ ማዕዘን፣ በሰፊ ኖዝል ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላም የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ ወደ መገጣጠሚያው ይመለሳል። አሸዋውን በዋጋው ውስጥ አስቀድመው ያስሉት።

ቴራዞና ሴራሚክ ከግፊት ይልቅ ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋሉ። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ የቆየ የድንጋይ ግንብ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አጥርም ይሁን የቆየ ቤት፣ በግፊት ውሃ አይታጠብም። ቢለመኑም አይንኩት።

ለ. ውሃው ከየት ይመጣል?

ጀሪካኑን ከደንበኛው ቧንቧ ሥር ያስቀምጡና እስኪሞላ ሰዓት ይያዙ። በአንድ ደቂቃ ከሞላ ቧንቧው በደቂቃ 20 ሊትር ይሰጣል፤ በሁለት ደቂቃ ከሞላ 10 ሊትር፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ከፈጀ 8 ሊትር ብቻ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በወግ የሚሰጥ ቧንቧ ማግኘት ዕድል ነው፤ በማግስቱ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ፓምፕ ደግሞ የሚፈልገውን ያህል ካላገኘ አየር ይስባል፤ ከውስጥ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ፓምፕ እየተበላ መሆኑን ይነግርዎታል። ስለዚህ ሮቶ የግድ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትር ይጠጣል፣ ቧንቧው 8 ሊትር ይሰጣል እንበል። ልዩነቱ 7 ሊትር ነው። 500 ሊትር ሮቶ ሞልተው ቧንቧውን ከላይ ክፍት ቢተዉት 500 ለ7 ሲካፈል 71 ደቂቃ ያሠራል። ቧንቧ ጭራሽ ከሌለ ግን ያው ሮቶ በ33 ደቂቃ ያልቃል። በካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሊትር ይያዙ፤ ማለትም 60 ካሬ ሜትር ግቢ አንድ ሺህ ሊትር ገደማ ይበላል። ደንበኛ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስፋቱና ውሃ መኖሩ ነው።

ሮቶውን በሚጫን ነገር ላይ ማሰር የሚያስቡ ከሆነ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን መሆኑን አይርሱ። የጭነት ባጃጅ ይህን አይችለውም። ግማሽ የሞላ ሮቶ ደግሞ ከሙሉው የባሰ ነው፤ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተላጋ መኪናውን ይጎትታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው የጣርማበርን ቁልቁለት ባዶ ሮቶ ይዞ ወርዶ ሥራው ቦታ ላይ ይሙላ።

የሮቶው ሥር ከፓምፑ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እዚህ ላይ የአካባቢው ከፍታ ይገባበታል። ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት እገዛ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ያ ግፊት ውሃን ወደ 10 ሜትር የመግፋት አቅም ሲኖረው ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል። ቆላ ላይ ከጉድጓድ ወይም ከመሬት በርሜል የሚስብ ማሽን ደጋ ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ከሮቶው የሚወጣው ጎማ ከሦስት ሩብ ኢንች ያልጠበበ፣ ሲሳብ የማይጨፈለቅ፣ ቢቻል ከ5 ሜትር ያልበለጠና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን፤ የአየር አረፋ ሲገባ በዓይን ይታያል። በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ፋሸታ (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) ይሰር። ከፓምፑ በፊት የሚታጠብ ፊልትሮ ይግባ፤ ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመጣ የሚያመጣው ደለል ቫልቩን የሚዘጋው በአንድ ቀን ነው።

ሐ. ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዴት ይፈተሻል?

ማሽን ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ግፊትና የውሃ መጠን። ግፊቱ ቆሻሻውን ይነቅላል፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል። ሻጭ የሚያወራው ስለ ግፊት ነው፤ ሥራ የሚያፈጥነው ግን ውሃው ነው። 250 ባር ኖሮት በደቂቃ 8 ሊትር ብቻ የሚረጭ ማሽን ጭቃውን ይነቅልና እዚያው ይተወዋል፤ እርስዎ በመጥረጊያ ይገፉታል።

ሁለቱን በማባዛት ለ600 ሲያካፍሉ የሚወጣው ጉልበት በኪሎዋት ይገኛል። በሳጥን ላይ «3,000 ዋት፣ 250 ባር፣ 10 ሊትር በደቂቃ» ተብሎ የተጻፈ የኤሌክትሪክ ማሽን እንውሰድ። 250 በ10 ሲባዛ 2,500፣ ለ600 ሲካፈል 4.2 ኪሎዋት ይሆናል። የገባው 3፣ የወጣው 4.2! ሁለቱ ቁጥሮች የተወሰዱት በተለያየ ጊዜ ነው ማለት ነው፤ ግፊቱ ውሃው በተዘጋበት፣ ውሃው ግፊት በሌለበት። በሞተሩና በፓምፑ ውስጥ ሲሦ ያህሉ ስለሚባክን ከ3 ኪሎዋት የሚተርፈው 2 ኪሎዋት ነው፤ በሥራ ላይ 120 ባር በ10 ሊትር። መጥፎ ማሽን ነው ማለት አይደለም፤ ለበረንዳና ለመኪና ይበቃል። የተገዛው ግን እንደ 250 ባር ነው።

ግፊት በፒኤስአይ ከተጻፈ ለ14.5 ያካፍሉት፣ ባር ይሆናል። የውሃው መጠን በጋሎን ከሆነ በ3.8 ያባዙት።

መ. ከፍታው የሚወስደው

የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሲሦው ሄደ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የሚጠፋው 15 በመቶ ነው።

«13 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ የሚሸጠው ባለ 390 ሲሲ ሞተር፣ ለምሳሌ ሆንዳ ጂኤክስ 390፣ በባሕር ጠለል ላይ በትክክል የሚሰጠው 8.7 ኪሎዋት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 5.8 ይቀረዋል። ፓምፑ 15 በመቶ ሲወስድ 4.9። በ600 ያባዙትና ለ15 ሊትር ያካፍሉት፤ 200 ባር ይወጣል። ያው ማሽን ሸዋ ሮቢት ላይ 250 ባር ያወጣል። «እዚያ ሲሠራ የነበረው ማሽን እዚህ ምን ነካው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ምንም አልነካውም።

ትንሹ፣ ባለ 200 ሲሲው፣ 4.1 ኪሎዋት የሚሰጥ ሲሆን ደብረ ብርሃን ላይ በፓምፑ በኩል የሚተርፈው 2.3 ገደማ ነው። ይህ በደቂቃ 10 ሊትር ከሚሰጥ ፓምፕ ጋር 140 ባር ይሆናል፣ ለጀማሪ ያስኬዳል። ከ15 ሊትር ፓምፕ ጋር የተጣመረ ካዩ ግን አይግዙት፤ ግፊቱ ከ100 ባር በታች ይወርዳል፣ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ በመጨረሻ አቅሙ ሲያቃስት ይውላል።

ጥቁር ጭስና በደረቅ ጥቀርሻ የተሸፈነ ካንዴላ ቤንዚኑ ለቀጭኑ አየር መብዛቱን ያሳያሉ። መካኒኮች በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ትንሽ ቀዳዳ) አንድ ሁለት ቁጥር በሚያንስ ይለውጡታል፤ ጭሱ ይጠራል፣ ቤንዚን ይቆጠባል፣ ከጠፋው ጉልበት ግን ጥቂቱ ብቻ ይመለሳል። አደጋው ማሽኑ ቆላ ሲወርድ ነው። በትንሽ ጂግለር ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ቫልቩን ሊያቃጥል ይችላል። ደጋና ቆላ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ጂግለር በፌስታል አስሮ ከመፍቻው ጋር ይያዝ፣ ከጣርማበር በታች ሲወርድ ትልቁን ይመልስ።

ሠ. ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልምና ከፍታው ጉልበቱን አይነጥቀውም፤ ቀጭን አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዘው ብቻ ቶሎ ይሞቃል። የሚያስቸግረው የደንበኛው መስመር ነው። 3 ኪሎዋት ማሽን 14 አምፔር ገደማ ይጎትታል፣ ሲነሳ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። የእንጀራ ምጣድም ወደ 3 ኪሎዋት ተኩል ይጎትታል። በውስጥ ምጣዱ ተሰክቶ በውጭ ማሽኑ ሲነሳ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይም መብራቱ ፈዞ ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይነሳ ይቃጠላል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት «ዛሬ ይጋገራል?» ብሎ መጠየቅ የሙያው አንድ ክፍል ነው።

የማራዘሚያ ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከ25 ሜትር ያልበለጠ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ይሁን፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል፣ ይቀልጣል። የመሬት ሽቦ (ግራውንድ) የሌለው ሶኬት ላይ አይስኩ። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ብሬከር በራስዎ ገመድ ላይ አስገጥመው ይዙሩ፤ እርጥብ ሊሾ ላይ በባዶ ተስፋ መቆም አይገባም።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ሥራው በረንዳና ትንንሽ ግቢ ከሆነ፣ ከተማ ውስጥም ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ይበቃል። ከ50 ካሬ ሜትር በላይ፣ መጋዘን፣ ማደያ፣ ወይም መብራት የማይታመንበት ከተማ ከሆነ ቤንዚን። ቤንዚኑም ጣጣ አለው። ባለ 390 ሲሲው በሙሉ ጭነት በሰዓት 3.5 ሊትር ይጠጣል፤ ብዙ ማደያ ደግሞ በጀሪካን አይቀዳም፤ አስቀድሞ ማመቻቸት ያስፈልጋል።

ረ. ፓምፑ

ገንዘብዎን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይህ ነው። ከሞተሩ ይልቅ ፓምፑ ያልቃልና።

ርካሾቹ ማሽኖች ያላቸው በዘንግ ላይ በተጋደመ ሳህን የሚገፋ ፓምፕ ነው። ከሞተሩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በደቂቃ 3,400 ጊዜ ይዞራል፤ የዕድሜው ልክ ጥቂት መቶ ሰዓት ነው፣ ብዙዎቹም ሲበላሹ አይፈቱም። ለሥራ የሚሆነው በክራንክ የሚሠራው ባለ ሦስት ፒስተን ፓምፕ ነው፦ የሴራሚክ ፒስተን፣ የነሐስ ራስ፣ ዘይቱ የሚታይበት መስኮት። በማርሽ ወይም በቺንጋ ፍጥነቱ ወደ 1,450 ወይም 1,750 ዙር ከወረደ ደግሞ ሥራው ይረጋጋል፣ ጎሚኒው ይቆያል፣ ውሃም በቀላሉ ይስባል፤ ለደጋው ይህ የመጨረሻው ትልቅ ጥቅም ነው። እንዴት ይለያል? ያንሱት። የነሐስ ራስ ያለው ይከብዳል። በቀለም የተሸፈነ አልሙኒየም ከሆነ ቁልፍ ጫፍ ሲነካው ነጭ ይታያል።

ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የዚህ ፓምፕ ጎሚኒና ቫልቭ አለህ? አሁን አሳየኝ።» ካለው ከማሽኑ ጋር አንድ ሙሉ ስብስብ ይግዙ። «ይመጣል» ካለዎት ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።

ሰ. ኖዝልና ክብ ማጠቢያ

የኖዝል ቀለም የመርጫውን ስፋት ይናገራል፦ ቀይ 0 ዲግሪ፣ ቢጫ 15፣ አረንጓዴ 25፣ ነጭ 40፣ ጥቁር ለሳሙና። ቀዩን ከሳጥኑ አውጥተው ቤት ያስቀምጡት፤ ለግቢ ሥራ የለውም፣ ወለልም እግርም ይቆርጣል። ሥራው በአረንጓዴና በነጭ ነው፤ ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ርቀው ይጀምሩና እየተጠጉ ይሞክሩ።

በላዩ የተቀረጸው ቁጥር ግን ከቀለሙ ይበልጣል፤ የቀዳዳውን ስፋት የሚናገር ነውና። በደቂቃ 15 ሊትር ለሚሰጥ ፓምፕ 04 ኖዝል 270 ባር ገደማ ያወጣል፣ 4.5 ወደ 215፣ 05 ወደ 170። አብረው የሚመጡት ለባሕር ጠለል የታሰቡ 04 ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ 200 ባር ብቻ የሚችል ሞተር በ04 ሲጠየቅ ዙሩ ይወርዳል፣ ይጨሳል፣ ሊጠፋም ይደርሳል። በ05 ይቀይሩት፤ ግፊቱ 170 ይሆናል፣ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ 15 ሊትሩ ግን ሙሉ ይወጣል። ከማንኛውም ጥገና በፊት የሚሞከር፣ በጣም ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው። ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ 4.5 ያስገቡ።

ግፊት ሲቀንስ በፓምፑ ጎን ያለውን የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ብሎን ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው። ያ ቫልቭ ሽጉጡ (በእጅ የሚያዘው የውሃ መርጫ) ሲዘጋ ውሃውን መልሶ የሚያዞር መከላከያ ነው፤ ግፊትን አይፈጥርም። ቢጠብቅ ሽጉጡ በተዘጋ ቁጥር ግፊቱ ወደ ላይ ይዘልና ጎማ ይፈነዳል። ግፊት ከቀነሰ መጀመሪያ ኖዝሉ ተበልቶ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ፊልትሮው ተዘግቶ እንደሆነ ይታያል። እስከ 400 ባር የሚያነብ መለኪያ በፓምፑ መውጫ ላይ ማስገጠም ይህን ሁሉ ግምት ያስቀራል።

በሽጉጥ ብቻ የታጠበ ሊሾ ሲደርቅ የሜዳ አህያ ይመስላል፤ እጅ በተጠጋበት ነጭ፣ በራቀበት ጥቁር። ደንበኛ የሚያኮርፈው በማግስቱ ነው። መፍትሔው ክብ ማጠቢያ ነው፦ እንደ ሣር ማጨጃ የሚገፋ፣ ከሽፋኑ ሥር ሁለት ኖዝል ያለው ክንድ የሚሽከረከርበት። ከወለሉ ያለው ርቀት ስለማይለዋወጥ መስመር አይተውም፤ ከሽጉጥም ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። መጠኑን በውሃው ይምረጡ፤ ለ15 ሊትር 40 ሴንቲሜትር ልክ ነው። ባለ 50ው ወደ 19 ሊትር ይፈልጋል፤ በ15 ሊትር ክንዱ ይሽከረከራል እንጂ አያጸዳም። የሁለቱ ኖዝሎች ድምር ከሽጉጡ ኖዝል ቁጥር ጋር እኩል ይሁን፤ ለ05 ሁለት 2.5። በኮብልስቶን ላይ ጎማ ያለውን ይያዙ፤ በብሩሽ ጠርዝ ብቻ የሚንሸራተተው በየድንጋዩ ይደናቀፋል።

ሸ. ጎማና ራኮርዶ

ውስጡ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ 275 ባር የሚችል፣ 30 ሜትር። ከአንድ ረጅም ይልቅ ሁለት ባለ 15 ሜትር ይሻላል፤ አንዱ ሲቀደድ በሌላው ሥራው ይቀጥላል። ከትንንሾቹ ማሽኖች ጋር የሚመጣው የሩብ ኢንች ጎማ በ15 ሊትር ብዙ ግፊት መንገድ ላይ ያስቀራል።

አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ታባክናለች። ኤም 22 የሚባለው ራኮርዶ (የጎማ ማገናኛ) በውጭ ጥርሱ አንድ ሆኖ ውስጡ ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ 14 ሚሊሜትርና ባለ 15 ሚሊሜትር። ይገጥማል፣ ይጠብቃል፣ ውሃ ሲገባው ግን ይረጫል። ኦሪንግ ቢለወጥም፣ ነጭ ክር ቢጠመጠምም አይቆምም። ጎማ ለመግዛት ሲሄዱ የማሽኑን ራኮርዶ ፈትተው በኪስዎ ይያዙ።

ቀ. በሱቅ የሚደረግ ፈተና

ማሽኑ ውሃ ተሞልቶ ካልተነሳ አይከፈልም። ኖዝሉን አውጥተው ጀሪካኑ ውስጥ ይልቀቁት፤ 20 ሊትር በ80 ሰከንድ ከሞላ 15 ሊትር በደቂቃ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ከወሰደ 10። ከዚያ ኖዝሉን አስገብተው መለኪያውን ያንብቡ። ሽጉጡን ይልቀቁ፤ ግፊቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቆም፣ ሞተሩም ቀለል ይበለው። ግማሽ ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይጫኑ። 20 ደቂቃ ካሠሩት በኋላ በፓምፑ ሥር እጅዎን ያሳልፉ፤ ውሃ ወይም ዘይት ካገኙ ይተዉት። አጥፍተው ትኩስ እያለ ያስነሱት፤ ገመዱን ከመሳብ በፊት ሽጉጡን መጫን አይርሱ፣ የታመቀው ግፊት ካልወጣ ገመዱ ክንድ ያስገነጥላል።

ፈተናው መርካቶ ከሆነ አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን ወደ 450 ሜትር ዝቅ እንደምትል ያስታውሱ። እዚያ ላይ ሲያቃስት የነበረ ሞተር እዚህ የባሰ ይሆናል።

በ. መድኃኒቱ፣ ዘይቱና አደጋው

አልጌን በግፊት ብቻ የነቀለ ሰው በሁለት ወር ተመልሶ ያገኘዋል፤ ወለሉ ውስጥ የቀረው አልሞተም። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በአራት እጅ ውሃ ይበጥብጡ፣ በጀርባ መርጫ ይርጩ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፣ ከዚያ ይጠቡ። የአካባቢውን አትክልት አስቀድመው በንጹሕ ውሃ ያርሱት። በረኪና በፓምፑ ውስጥ አያልፍም፣ ነሐሱንና ጎሚኒውን ይበላል። ከአሲድም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አሲድ ራሱ በሊሾና በቴራዞ ላይ አይፈስም።

ለዘይት ሰጋቱራ ይበትኑ፣ ያድር፣ ይጠረግ። ከዚያ የልብስ ሳሙና ዱቄት በፈላ ውሃ፣ በብረት ሳይሆን በጠንካራ ፕላስቲክ ብሩሽ። ከማደያና ከጋራዥ የሚወጣው ዘይታም ውሃ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አይለቀቅ፤ ከብት ይጠጣዋል። በአሸዋ ጆንያ ገድበው በሰጋቱራ ይምጠጡት።

የግፊቱ ውሃ ቆዳ ከበሳ ከላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ ነው፣ ደም እንኳ ላይወጣ ይችላል። ከሥሩ ግን ውሃና ቆሻሻ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። «ምንም አይደል» ተብሎ በፋሻ አይታሰርም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬድና በግፊት ውሃ የተወጋ መሆኑ ለሐኪሙ ይነገራል። የላስቲክ ቦት፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ከማሽኑ ጋር የሚገዙ ናቸው። የቤንዚን ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነሳም።

ተ. ውርጭና ዘይት

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የደብረ ብርሃን ሌሊት ውሃ ያረጋል። ውሃ ሲረጋ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ፓምፑ ውስጥ የቀረ አንድ ሲኒ ውሃ የነሐስ ራስ ለመሰንጠቅ ይበቃል። ስለዚህ ማታ ማታ፦ ውሃውን ይዝጉ፤ ሽጉጡን ተጭነው እስኪደርቅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያሠሩ፤ ያጥፉ፤ ሁለቱንም ጎማ ይፍቱ፤ ማብሪያው እንደጠፋ የማስነሻውን ገመድ ሦስት አራት ጊዜ ስበው የቀረውን ያስወጡ፤ ፊልትሮውን ይድፉ፤ ሽጉጡን ወደ ታች ሰቅለው ቤት ያስገቡት። ለቀናት የማይሠራ ከሆነ የመኪና ፀረ በረዶ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጠው ግማሽ ሊትር በመግቢያው ያሳልፉ። ጠዋት የረጋ ፓምፕ ካገኙ አያስነሱት፤ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሱ ገመዱ በቀላሉ እስኪሳብ ይጠብቁ።

የሞተር ዘይት፣ 10ደብሊው-30፣ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ባለ 390ው 1.1 ሊትር ይይዛል። የባለ ሦስት ፒስተኑ ፓምፕ ዘይት ሌላ ነው፤ መጀመሪያ በ50 ሰዓት፣ ቀጥሎ በየ500 ሰዓቱ። በመስኮቱ ሲታይ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ግን ሰዓቱን አይጠብቁ፤ ጎሚኒው አልቆ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። በዚያ ዘይት አንድ ቀን ተጨማሪ ከሠራ ኩሽኔታውም ይከተላል፣ ያኔ የሚገዛው ጎሚኒ ሳይሆን ፓምፕ ነው።